ያገለገለች ቦብካት፦ ዘይቱ ሳይሞቅ ዋጋ አይቆረጥም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለች ቦብካት ለሽያጭ ስትቀርብ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «ሞዴሏ የስንት ነው? ስንት ሰዓት ሠርታለች?» ሻጭም ሁለት ነገር አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አዲስ ቀለምና የታጠበ ሞተር። አራቱም ስለ ማሽኗ ጤና የሚናገሩት ጥቂት ነው። ዋጋዋ ያለው ዘይቷ ከሞቀ በኋላ በምታሳየው ጉልበትና በወረቀቷ ላይ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሞተር አስነስቶ አምስት ደቂቃ በማየት አይታወቁም።

ቦብካት የምንላት ምንድን ናት?

ቦብካት በመሠረቱ የአንድ አምራች ስም ነው። በእኛ ዘንድ ግን ካተርፒላርም ትሁን ኬዝ፣ ጄሲቢም ትሁን የቻይና፣ ትንሿ ሎደር ሁሉ ቦብካት ናት። የዓይነቷ ስም ስኪድ ስቲር ሎደር ይባላል። በፈረንጆቹ 1957 ሚኒሶታ ውስጥ ሲሪልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች ተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ለሚያረባ ገበሬ ባለ ሦስት ጎማ ሎደር ሠሩ፤ ሰውየው የፈለገው በዶሮ ቤቱ ምሰሶዎች መሃል ባለበት እየዞረ ፍግ የሚጠርግለት ነገር ነበር። ባለ አራት ጎማዋ በ1960 መጣች፣ ቦብካት የሚለው ስም የወጣላት በ1962 ነው። ዛሬም የምትፈለገው ለዚያው ነው፤ ትልቁ ሎደር በማይታጠፍበት ግቢ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉ ጠባብ የደሴ ቅያሶች፣ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት መንገድ፣ ኮምቦልቻ ባሉ የፋብሪካ መጋዘኖች።

መሪ ሳይኖራት እንዴት ትታጠፋለች?

ጥማድ በሬ ማሳ ጫፍ ላይ ሲዞር የውስጡ ባለበት ይረግጣል፣ የውጪው ይራመዳል። ቦብካትም እንዲሁ ናት። የግራ ሁለት ጎማዎች በካቴና እርስ በርስ ተያይዘዋል፣ የቀኞቹም እንዲሁ። ግራው ቆሞ ቀኙ ሲሄድ ማሽኗ ወደ ግራ ትዞራለች፤ አንዱ ጎን ወደፊት ሌላው ወደኋላ ሲሄድ ባለችበት ትሽከረከራለች። ጎማዎቹ ራሳቸው ስለማይታጠፉ የሚዞሩት መሬቱን እየፋቁ ነው። ጎማ ቶሎ የሚያልቀው፣ ካቴናና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) የሚደክመው በዚህ የተነሳ ነው።

ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የላትም፤ ጉልበት ከሞተር ወደ ጎማ የሚሄደው በዘይት ነው። ሞተሩ ሁለት ፖምፓዎችን ያዞራል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ፖምፓው የሚገፋው ዘይት የሃይድሮሊክ ሞተሩን ያዞራል፣ እሱ ካቴናውን፣ ካቴናው ጎማዎቹን። ክንዱንና ባኬቱን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ፖምፓ አለ። በፖምፓና በሃይድሮሊክ ሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች እጅግ ተጠጋግተው ነው የሚሠሩት፤ ዘይቱን ከማምለጥ የሚያግደው ይኸው ጥበት ነው። ሲያረጁ ክፍተቱ ይሰፋል።

የረጋ ቅቤ ከተሰነጠቀ ቅል አይወጣም፣ ሲቀልጥ ነው የሚፈሰው። የደከመ ፖምፓም ጠዋት በብርድ፣ ዘይቱ ወፍራም ሳለ፣ ደህና ይገፋል። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን በሰፋው ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማሽኗም ጉልበት ታጣለች። በደሴ ማለዳ የታየች ማሽን ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ሌላ ማሽን ሆና የምትገኘው ለዚህ ነው።

«800 ኪሎ ታነሳለች» ሲባል ምን ማለት ነው?

የባለ ጎማ ስኪድ ስቲር የሥራ አቅም የሚጻፈው በአፍንጫዋ የሚደፋት ክብደት ለሁለት ተካፍሎ ነው። 800 ኪሎ የተባለች ማሽን 1,600 ኪሎ ገደማ ሲያሸክሟት የኋላ ጎማዋ ከመሬት ይነሳል። በጎማ ፋንታ በቼይን በምትሄደው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያዘው 35 በመቶው ነው። ስለዚህ የባለ ጎማና የባለ ቼይን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይቺ ትበልጣለች» ማለት ያሳስታል፤ መጀመሪያ የስንት በመቶ ስሌት እንደሆነ ይጠይቁ።

ቦብካት ኤስ175ን ብንወስድ ራሷ 2.8 ቶን ያህል ትመዝናለች፣ የሥራ አቅሟ 800 ኪሎ ገደማ ነው። 0.4 ሜትር ኩብ በሚይዝ ባኬት እርጥብ አሸዋ ብትዝቅ፣ አንድ ሜትር ኩቡ 1.8 ቶን ያህል ስለሆነ 720 ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። ተቆልሎ ከሞላ ገደቧ ላይ ደረሰች። በትንሽ ማሽን ላይ ትልቅ ባኬት ተገጥሞ «ብዙ ትዝቃለች» ከተባሉ፣ ያቺ ማሽን የመገጣጠሚያ ፒኗና ቡሿ፣ የፊት ኩሽኔታዋም ከአቅም በላይ ሲሸከሙ እንደኖሩ ይቁጠሩት።

ከክብደቱ ይልቅ ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው። እንዲህ ባለ መጠን ያለች ማሽን ባኬቷን የምትደፋው ከመሬት 2.2 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ኢሱዙ ላይ ትጭናለች፤ የሲኖትራክ ሳጥን ግን ይበልጣታል፣ ወይ መወጣጫ አፈር ይደለደልላታል። ሥራዎ ሲኖትራክ መጫን ከሆነ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የክንዱም ዓይነት ይለያል፤ በቅስት የሚነሳው ክንድ በመካከለኛ ከፍታ ላይ ራቅ ብሎ ስለሚደርስ ለመቆፈርና ለመደልደል ይመቻል። ቀጥ ብሎ የሚነሳው ደግሞ ጫፍ ላይ ስለሚርቅ ለመጫን ይሻላል፣ ግን መገጣጠሚያው ብዙ ስለሆነ የሚያልቅ ፒኑም ያንኑ ያህል ይበዛል።

ደሴና ኮምቦልቻ ለማሽኗ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው በወጉ አይቃጠልምና። ወረቀቷ 46 የፈረስ ጉልበት የሚላት ማሽን ደሴ ላይ 35 ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ 38 ያህል ይቀራታል። ቱርቦ ያላት የምታጣው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሥራዎ ደሴ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ቱርቦ ላላት ጥቂት መጨመር ያዋጣል።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክም የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከፍታ የሃይድሮሊኩን ግፊት አይቀንሰውም፤ ክንዱ ብቻውን ኮምቦልቻ ያነሳውን ደሴም ያነሳል። ልዩነቱ የሚታየው እየነዱ በአንድ ጊዜ ሲያነሱ ነው፣ ያኔ ሞተሩ ያቃስታል። ታዲያ ጉልበት ያነሳት በከፍታው ነው ወይስ ፖምፓው ደክሟል? ጆሮ ይለየዋል። ማሽኗን አፈር ላይ ሲያስገፏት የሞተሩ ድምፅ ወርዶ ሊጠፋ ከደረሰ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው፤ ከፍታ፣ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ናፍጣ ወይም ኖዝል። ድምፁ ከፍ እንዳለ ጎማው ግን ከቆመ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ሁለተኛው ከማሽኗ ዋጋ ትልቁን ቁራጭ ይወስዳል።

ኮምቦልቻ የራሷ ፈተና አላት፤ ሙቀትና አቧራ። የሞተሩ ራዲያተርና የሃይድሮሊክ ዘይት ማቀዝቀዣው ተደራርበው የሚቀመጡባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፣ በሁለቱ መሃል ግን ሲሚንቶ ወይም የጥጥ ብናኝ እንደ ስጋጃ ተነጥፎ ይገኛል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ መሃሉን ሳያዩ «ሙቀት አታውቅም» የሚለውን አይመኑ።

ፍተሻው ከየት ይጀመራል?

ከቀዘቀዘ ሞተር። ከመድረስዎ በፊት እንዳትነሳ ይንገሩ፣ ሲደርሱም ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩት። ሞቆ ካገኙት ሻጩ በብርድ እንዳትነሳ የሚያደርግ ነገር እየደበቀ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ይመለሱ።

ከመነሳቷ በፊት ዘይቶቹን ይዩ። የሞተር ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶታል፤ ከቴስታታ ጓርኒሲዮን ጀምሮ ይጠርጥሩ። የራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ቢንሳፈፍም ያው ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት መልኩ ቢጠቁርና የተቃጠለ ቢሸት ማሽኗ በሙቀት ስትለፋ ኖራለች። ቀጥሎ ብዙ ገዢ የማይከፍተውን የካቴና ሳጥን ያስከፍቱ። በግራና በቀኝ ጎማዎች መሃል ያለ የታሸገ ሳጥን ነው፣ ካቴናዎቹ በውስጡ ዘይት ውስጥ ይዞራሉ። ዘይቱ ከጎደለ በጎማ አክሰሉ ፓራውሊዮ (ዘይት እንዳያመልጥ በሚያሽገው ቀለበት) እየወጣ ነው፣ ከቸርኬው ጀርባ እርጥበት ይፈልጉ። ከልኩ በላይ ሞልቶ ከተገኘ ግን ነገሩ ይብሳል፤ የሃይድሮሊክ ሞተሩ ፓራውሊዮ ፈንድቶ ዘይቱን ወደ ሳጥኑ እየለቀቀ ነው፣ ሻጩም ታንከሩን እየሞላ «ዘይት አትበላም» ይልዎታል። የሳጥኑ ዘይት ጣት ላይ የብረት ብልጭታ ቢተው ካቴና ወይም ኩሽኔታ እየተፈጨ ነው።

አሁን ትነሳ። በደሴ ብርድ መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭስ ማየት አያስደነግጥም፣ ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ካለ ግን ዘይት እየበላች ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያ ክዳኑን ያላሉት፤ ጭስ እየተገፋ ፉፉ ካለ ፋሻና ፒስተኑ ደክመዋል።

እስክትሞቅ ድረስ ዙሪያዋን ይዙሩ። የክንዱ መሠረት፣ ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው አግዳሚ ቧንቧና የፒን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁሉ ቦታ የደበዘዘ፣ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ የሆነ ቀለም ካዩ ብየዳውን በጣትዎ ይፈልጉት። ባኬቱን የሚይዘው ፈጣን ማያያዣ ላይ ሁለት መቆለፊያ ሽብልቆች አሉ፤ ሲቆለፉ ከባኬቱ ቀዳዳ በታች ወጥተው መታየት አለባቸው። ባኬቱ መሬት ነክቶ ሲነቀነቅ ከማያያዣው ጋር ካልተንቀሳቀሰ፣ ማለትም በመሃላቸው ክፍተት ካለ፣ የተበላው የማያያዣው ሳህን ነው ወይስ ባኬቱ የሚለውን ይለዩ። ባኬት ይቀየራል፣ ሳህኑ ግን ሥራ አለው። ክንዱንና ባኬቱን የሚገፉት የሃይድሮሊክ ፒስተኖች ዘንግ ላይ ጭረት ካለ ፓራውሊዮው ቢቀየርም እንደገና ያፈሳል።

ጎማ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። በአንድ ጎን ያሉት የፊትና የኋላ ጎማ በካቴና ስለታሰሩ እኩል ነው የሚዞሩት። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ዙሪያቸው ስለማይተካከል አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ካቴናው ነው። «ሁለት አዲስ ጎማ ገብቶላታል» ሲባሉ ሁለቱ በአንድ ጎን መሆናቸውን ይዩ። የዚህች ማሽን የተለመደ ጎማ ቁጥር 10-16.5 ነው፣ ተለቅ ለምትለው 12-16.5። የ16 ጎማ በ16.5 ቸርኬ ላይ አይገጠምም። ጎሚስታው «ይገባል» ቢልም ሲነፋ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል።

ሲሞቅ ምን ይፈተናል?

ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እውነተኛ ሥራ ትሥራ፤ አፈር ትዛቅ፣ ትደልድል፣ ትመላለስ። ቆማ ሞተሯ ቢንጫጫ ዘይቱ በወጉ አይሞቅም። ሻጭ «ናፍጣ ያልቃል» ካለ ናፍጣውን እርስዎ ይግዙ፤ በዚህ ገበያ ከዚህ የረከሰ መድን የለም።

ከሞቀች በኋላ ደረቅ መሬት ላይ ባኬቷን አፈር ክምር ውስጥ አስገብታ ትግፋ። ጤነኛ ማሽን ጎማዋ መሬቱን እየቧጠጠ ይዞራል። ጎማው ቆሞ ፖምፓው ብቻ ካፏጨ ከላይ የተባለው የውስጥ ማምለጥ ነው። ግራና ቀኙን ለየብቻ ለማየት ባለችበት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ትሽከርከር፤ በአንድ በኩል ፈጣን በሌላው ዘገምተኛ ከሆነች የደከመው ጎን ታወቀ። ሜዳ ላይ ሁለቱን እጀታ እኩል ገፍተው ቀጥ ብላ ካልሄደች ግን አይቸኩሉ፤ ይህ አንዳንዴ የእጀታው ማስተካከያ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም የጎማ ንፋስ። እሱን አስተካክለው ደግመው ይሞክሩ።

ክንዱን ደግሞ የሞላ ባኬት ይዞ እስከ ወገብ ከፍታ ያስነሱት፣ ሰው ሁሉ ይራቅ፣ ሞተር ይጥፋና አምስት ደቂቃ ይዩት። በዓይን እያዩት የሚወርድ ከሆነ ወይ ፒስተኑ ወይ ቫልቩ ያሳልፋል። በድጋፍ ብረቱ ካልተቆለፈ ክንድ ሥር አንገት ማስገባት የለም፣ ለፎቶም ቢሆን።

ሌላው የደህንነት መቆለፊያው ነው። ኦፕሬተሩ ፊት የሚወርደው ብረት ሲነሳ እጀታውም ፔዳሉም ሞተው መገኘት አለባቸው። ብዙ ማሽን ላይ ሽቦው ተቆርጦ በቀጥታ ተገናኝቷል፤ «ያስቸግራል» ተብሎ። ኦፕሬተሩ ሲወርድ ፔዳል ቢረግጥ ክንዱ በካቢኑና በራሱ መሃል ይጨፈልቀዋል። ይህን ሳያስተካክሉ ሰው አይቅጠሩባት።

ሰዓት ቆጣሪው ይታመናል?

በጥቂቱ። አሮጌዎቹ ላይ ቆጣሪው ይነቀላል፣ ይቀየራል። አዳዲሶቹ ላይ ኮምፒውተሯ ሌላ መዝገብ ስለምትይዝ ማንበቢያ ያለው ባለሙያ ሁለቱን ያስተያያል። ከዚያ ይልቅ የማይዋሹት የሚነኩ ነገሮች ናቸው፤ የተላጠ የእጀታ ጎማ፣ የሳሳ ፔዳል፣ የተቀደደ ወንበር፣ በጫማ የነጣ መወጣጫ። ቆጣሪው 1,200 እያለ ፔዳሉ መስታወት መስሎ ከለሰለሰ ፔዳሉን ይመኑ። ብዙ ሰዓት ሠርታ ደረሰኝ ያላት ማሽን፣ ጥቂት ሰዓት ሠርታ ታሪክ ከሌላት ትሻላለች። የሞተር ዘይት በየ250 ሰዓቱ፣ የሃይድሮሊክ ዘይት በየ1,000 ሰዓቱ አካባቢ መቀየር የተለመደ ስለሆነ የዘይትና የፊልትሮ ደረሰኞቹ ቀን ከቆጣሪው ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው።

የትኛው ጉዳት እዚሁ ይጠገናል?

ዋጋ ሲደራደሩ ጉዳቱን በሁለት ይክፈሉት። ፒን፣ ቡሽ፣ የባኬት ምላጭ፣ ስንጥቅ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ቶርኖ ቤቶች፣ በያጆችና ኤሌክትሪሺያኖች የሚወጡት ሥራ ነው። ኩሽኔታና ፓራውሊዮም ላያቸው ላይ ባለው ቁጥር ይፈለጋሉ፤ እዚህ ቢጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይጠየቃል። ፖምፓ፣ የሃይድሮሊክ ሞተር፣ የኮምፒውተር ሳጥንና የጭስ ማጣሪያ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። በተለይ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ ሰልፈሩ አነስተኛ የሆነ ናፍጣና የኮምፒውተር ማንበቢያ ይፈልጋል። ለኪራይ ሥራ የምትገዛ ከሆነች በእኔ ግምት ቀለል ያለ የናፍጣ ሞተር ያላት አሮጌ፣ የተራቀቀ ሞተር ካላት አዲስ ትመረጣለች፤ የቆመች ማሽን ኪራይ አታመጣም።

ከመደራደርዎ በፊት የመጀመሪያውን ወገን ዕቃ ዋጋ ሱቅ ጠይቀው ይጻፉ፤ አራት ጎማ፣ ፒንና ቡሽ ከነቶርኖው፣ ባትሪ፣ ዘይትና ፊልትሮ ሁሉ። ድምሩ ከሚጠየቀው ዋጋ ላይ የሚቀነሰው ነው፣ ሻጭም ወረቀት ላይ ሲያየው ክርክሩ ያጥራል። ሁለተኛው ወገን ከተጠረጠረ ቅናሽ አይለምኑ፤ ለፖምፓ ተብሎ የሚቀነሰው ገንዘብ ፖምፓውን ገዝቶ አያውቅም።

ተጨማሪ ዕቃ ካላት ለብቻው ይተመን። የመደበኛዎቹ ማሽኖች ማያያዣ ብዙውን ጊዜ ከአምራች አምራች ስለሚገጥም ፎርኩም ባኬቱም ለሌላ ይሸጣል። ሀመር (ድንጋይ መስበሪያ) ወይም መጥረጊያ ካለ ግን የሚፈልገውን የዘይት ፍሰት በደቂቃ በሊትር ይጠይቁ፤ ኤስ175 በተጨማሪ መስመሯ የምትሰጠው 64 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ዕቃ ያቃስታታል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይፈለጋል?

በአካሏ ላይ የተመታው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ ሊብሬውና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ መግጠም አለባቸው። ከዲክላራሲዮኑ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል፤ ቀረጥ ተከፍሎባታል ወይስ ከቀረጥ ነፃ ነው የገባችው? በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ የገባች ማሽን መብቱ ለሌለው ሰው የምትተላለፈው ቀረጥና ታክሷ ከተከፈለ በኋላ ነው። ፋብሪካና ፕሮጀክት በሚበዛበት ኮምቦልቻ ርካሽ የሆነች ማሽን ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚከፍል በውሉ ይጻፍ።

ማሽኗ ሻጩ እጅ መሆኗ ከዕዳ ነፃ መሆኗን አያሳይም። በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ የብድር መያዣ መሆን ይችላል። ስለዚህ በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የዋስትና መዝገብ ይፈለግ። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይዞ እንደሆነና እንዳልተሻረ ሰነዱን ከሰጠው ቢሮ ይጠየቅ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ድርጅት ከሆነ የሥራ አስኪያጁ የመሸጥ ሥልጣን ይታይ።

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ዘይቱ ሞቆ ፍተሻው ሳያልቅ ቀብድ አይስጡ፤ ካስፈለገም «ፍተሻው ካልተሳካ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ። ሕጉ ሻጭን ለጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፣ ገዢንም ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ እንዲያሳውቅ ያዘዋል። «እንዳለች ገዝቻለሁ» የሚል ቃል እያወቀ የደበቀን ሻጭ አያድነውም፣ ግን ማስረጃው የእርስዎ ሸክም ይሆናል። ሞቃ ስትፈተን ቪዲዮ መቅረጽ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ሻጭ ከሆኑስ?

ማሽኗን ይጠቡ፣ አይቀቡ። ቀለም ገዢን ያስጠረጥራል። ባትሪ፣ መብራት፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ የተቀደደ ወንበር ይቀይሩ፤ ትንሽ ወጪ ብዙ ጥያቄ ይዘጋል። ትልቅ ጥገና ግን ለሽያጭ ብለው አይግቡበት፣ ያወጡትን አይመልስልዎትም። ጉድለቱን ራስዎ ተናግረው ዋጋው ላይ ያስቡት። ማስታወቂያ ሲያወጡ የቁጥር ሰሌዳዋን፣ ቆጣሪውን፣ የማያያዣ ሳህኑን፣ የሞተሩን ክፍልና አራቱንም ጎማዎች ፎቶ ያንሱ፤ ቀልዶ የሚደውል ይቀንሳል። የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነና ከማን እንደሚከፈል ገዢ ከመምጣቱ በፊት ይወሰን።

ገንዘቡ በባንክ ከገባ በኋላም ሥራው አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማሽን ባለቤት ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት የራሱ ጥፋት ባይኖርም ተጠያቂ ነው። ስም ሳይዛወር ገዢው ነድቷት ግንብ ብታፈርስ ወይም ሰው ብትጎዳ የሚፈለገው በመዝገብ ላይ ያለው ስም ነው። ርክክቡን ቀንና ሰዓት ጽፈው ያስፈርሙ፣ የስም ዝውውሩን ቀን ቆርጠው ውሉ ውስጥ ያስገቡ።

በሐረጎ ቁልቁለት እንዴት ትወርዳለች?

ራሷን እየነዱ ከደሴ ኮምቦልቻ መውሰድ አይታሰብ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ጎማዋን ይበላል፣ ዘይቷን ያፈላል። 2.8 ቶን የምትመዝን ማሽን ከነባኬቷ የሚችል መኪና ይያዝ። ባዶ ባኬት ያላት ቦብካት ክብደቷ ኋላዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ መወጣጫው ላይ የምትወጣው በጀርባዋ ነው፣ የምትወርደው በፊቷ። በተገላቢጦሽ ብትሞክር ፊቷ ይነሳና ወደ ኋላ ትገለበጣለች። ዳገት ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ባዶ ስትሆን በጀርባ፣ ስትሞላ በፊት ይወጣል፣ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ላይ።

መኪናው ላይ ባኬቷ ወለሉን ነክቶ ይቀመጥ፣ የእጅ ፍሬኗ ይያዝ፣ በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ትታሰር፤ ሰንሰለቱ ከፋብሪካ በተሠሩት ማሰሪያዎች እንጂ በሃይድሮሊክ ቱቦ ወይም በፒስተን ላይ አይለፍ። ከደሴ ከወጡ በኋላ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ሳይጀመር፣ አንድ ጊዜ ቆመው ሰንሰለቱን ደግመው ያጥብቁት፤ ጎማዎቿ በመንገዱ ሲረጉ የላላው የሚታወቀው ያኔ ነው።